በ4 ዶላር ተገዝቶ በ20 የሚሸጥ መጫወቻ ትርፉ ስንት ነው?

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ በሐበሻ ቡና ቤቶች የኢንተርኔት ንግድ ከተነሣ የሕፃናት መጫወቻ መነሣቱ አይቀርም። ወላጅ ለልጁ አይሰስትም፣ ዕቃው ከቻይና በርካሽ ይመጣል፣ ማሸጉንና መላኩን አማዞን ይሠራዋል ይባላል። ሦስቱም ውስጥ እውነት አለ። ነገር ግን የዕቁብ ገንዘባቸውን ይዘው የሚገቡበት ወገኖች አሉና እውነቱ የት ላይ እንደሚያበቃ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

«በ4 ገዝቼ በ20 ከሸጥኩ 16 አተርፋለሁ»

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አማዞን ከመጫወቻ ሽያጭ 15 በመቶ ይወስዳል፤ ከ20 ዶላሩ 3ቱ ሄደ። የቀሩትን ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል እንያዛቸው። ዕቃው አማዞን መጋዘን ተቀምጦ በአማዞን እጅ የሚላክ ከሆነ፣ ማለትም ኤፍ ቢ ኤ በሚባለው አሠራር፣ ለማሸግና ለማድረስ 5 ዶላር ይቆረጥ። መግዣው 4፣ የመጓጓዣውና የቀረጡ ድርሻ 2 ይሁን። እስካሁን 14 ወጣ። አዲስ ዕቃ ያለ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚያየው የለም፤ ለአንድ ሽያጭ 3 ዶላር ማስታወቂያ ሲከፈል በእጅ የሚቀረው 3 ነው። ለላቦራቶሪ ምርመራ የወጣ 900 ዶላር በ600 ዕቃ ሲካፈል ደግሞ ከእያንዳንዱ 1.50 ይወስዳል። ተመላሹን ገና አልቆጠርንም። ሌላ ሕፃን አፉ ውስጥ የከተተውን መጫወቻ አዲስ ነው ብሎ መልሶ መሸጥ አይቻልም፤ ሕሊናም አይፈቅድም።

ስለዚህ 16 የተባለው ትርፍ ወደ 1.50 ዶላር ይወርዳል፤ ተመላሹ ሲቆጠር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ንግዱ አያዋጣም ማለቴ አይደለም። የሚያዋጣው ግን ይህን ሒሳብ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ለሠራ ሰው ነው።

«ፋብሪካው ሰርተፍኬት ሰጥቶኛል»

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2007 ማቴል ኩባንያ በቻይና የተሠሩ 967 ሺህ ያህል የፊሸር ፕራይስ መጫወቻዎችን ከገበያ ሰበሰበ። ቀለማቸው ውስጥ ከተፈቀደው በላይ እርሳስ፣ የልጅን አእምሮ የሚጎዳው ያ ከባድ ብረት፣ ተገኝቶ ነበር። በዚያው ዓመት ሌሎችም መጫወቻዎች ተከታትለው ተሰበሰቡ፤ ወላጅ ተቆጣ፤ በኦገስት 2008 የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው የምርት ደኅንነት ሕግ ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች የተሠራ መጫወቻ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በተቀበለው ላቦራቶሪ ተመርምሮ የልጆች ምርት ሰርተፍኬት ሊኖረው ይገባል። ዕቃው ከውጭ የመጣ ከሆነ ሰርተፍኬቱን የማውጣት ግዴታ ያለበት አስመጪው ነው። አስመጪው ደግሞ እርስዎ ነዎት። የፋብሪካው ወረቀት የሚጠቅመው ተቀባይነት ያለው ላቦራቶሪ ያንኑ የሚሸጡትን ዕቃ የመረመረበት ሪፖርት ከሆነ ነው።

ከምርመራዎቹ አንዱን ላስረዳ። 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ሲሊንደር አለች፤ ስፋቷ የተወሰነው ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጉሮሮ ምን ያህል እንደሚከፈት ታስቦ ነው። መጫወቻው ይጣላል፣ ይጎተታል፣ ይጠመዘዛል። ተላቆ የወጣ ቁራጭ በማናቸውም አቅጣጫ ሙሉ በሙሉ ሲሊንደሯ ውስጥ ከገባ ያ መጫወቻ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ሊሸጥ አይችልም። የአሻንጉሊት ዓይን የሆነች አንዲት ቁልፍ መላውን ጭነት ልታስቀር ትችላለች። ይህን ምርመራ እንደ ወጪ ብቻ የሚያይ ሰው ሌላ ዕቃ ቢሸጥ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

«ኤፍ ቢ ኤ ከገባሁ ኃላፊነቱ የአማዞን ነው»

በጁላይ 2024 ኮሚሽኑ አማዞን በመጋዘኑ አስቀምጦ ለሚልካቸው የሌሎች ሻጮች ዕቃዎች እንደ አከፋፋይ ተጠያቂ ነው ሲል ወሰነ፤ አማዞንም ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወስዶታል። ውሳኔው ግን ከአስመጪው ጫንቃ ላይ ያነሣለት ሸክም የለም።

ታዲያ በማን እጅ ይላክ? መልሱ በዕቃው መጠንና በሚሸጥበት ፍጥነት ይወሰናል። ጥርስ የሚያበቅል ሕፃን የሚያኝካት የሲሊኮን ቀለበት ቀላልና ትንሽ ናት፤ ቶሎ ቶሎ ከተሸጠች ኤፍ ቢ ኤ ያዋጣታል። ትልቅ የመጫወቻ ምንጣፍ ወይም በጥጥ የተሞላ አሻንጉሊት ግን ክብደት ባይኖረውም ቦታ ይይዛል፤ የማድረሻው ክፍያ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን አየር ጭምር ይቆጥራል። በቀን ሦስት አራት ትእዛዝ ብቻ ላለው ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ ከቤቱ አሽጎ መላክ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ በገና ሰሞን ራሱ የሚልክ አዲስ ሻጭ አማዞን የሚጠይቀውን መስፈርት ካላሟላ መጫወቻ እንዳይሸጥ ሊታገድ ይችላል።

«ሽያጭ የቀዘቀዘባቸውን ወራት ገና ያካክሳቸዋል»

በ2024 አማዞን ለመደበኛ መጠን ዕቃ የሚያስከፍለው የመጋዘን ወርሃዊ ኪራይ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር በኪዩቢክ ጫማ 0.78 ዶላር ነበር፤ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ወደ 2.40 ወጣ። ከ180 ቀን በላይ በቆየ ዕቃ ላይም ተጨማሪ ይታሰባል። ለገና ተብሎ በብዛት መጥቶ ሳይሸጥ የቀረ ዕቃ ሌሎቹ ያስገኙትን ትርፍ ይበላል።

ዕቃ ሳይዙ ከቻይና በቀጥታ ለደንበኛ ማስላክም እንደ ድሮው አይደለም። ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ጭነት የነበረው የቀረጥ ነጻ መብት ለቻይና በሜይ 2025፣ ለሌሎች አገሮች በኦገስት 2025 ቀርቷል።

እንግዲህ ለመጀመር ያሰባችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣ ለፋብሪካው ቅድመ ክፍያ ከመላካችሁ በፊት የምርመራ ሪፖርቱን ጠይቁ። የላቦራቶሪውን ስም ኮሚሽኑ በድረ ገጹ ካወጣው ዝርዝር ጋር አመሳክሩ። ሪፖርት የሌለውን መጫወቻ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ አታምጡት።