«ስሜን አልሰጠሁም፣ ማን ያየኛል?»፦ ስም በማይጠየቅበት መረብ ላይ ተረቱና እውነታው

የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ፊልም ያወርድ ነበር። «ጋሼ፣ በቶረንት ሳወርድ ማንም አያየኝም አይደል? ስሜንም ኢሜሌንም ለማንም አልሰጠሁም» አለኝ። ላፕቶፑን ወደ ራሴ አዞርኩና ፋይሉን አብረው የሚያወርዱትን ሰዎች የሚዘረዝረውን ገጽ ከፈትኩለት። ሠላሳ የሚሆኑ መስመሮች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የአንድ ሰው አይፒ አድራሻ፣ ከጎኑ የአገሩ ትንሽ ባንዲራ፣ የሚጠቀምበት ፕሮግራም፣ ከፊልሙም ስንት ከመቶው እንደደረሰው ተጽፏል። ብራዚል፣ ፖላንድ፣ ሕንድ።

«እነዚህ ሰዎች ስማቸውን ነግረውሃል?»

«አልነገሩኝም።»

«አንተ ግን እያየሃቸው ነው። እነሱም ያንተን መስመር እያዩት ነው፣ ከነባንዲራችን።»

ልጁ ዝም አለ። እኔም የዚያን ዕለት ያልጨረስኩለትን ነገር ነው እዚህ የምጽፈው። ቶረንት «ፒቱፒ» ከሚባሉት መረቦች አንዱ ነውና፣ በመጀመሪያ ስለ ቃሉ፦ ዛሬ ከተማ ውስጥ «ፒቱፒ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዲጂታል ዶላር በብር መገበያየትን ነው። እኔ የማወራው ስለ ሰፊው ትርጉሙ ነው፤ መሐል ላይ ባለቤት የሆነ ሰርቨር ሳይኖር፣ አቻ ከአቻ፣ ኮምፒውተር ከኮምፒውተር ስለሚቀባበልበት መረብ። በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ዘፈን የተቀባበለ ሰው ነገሩን በትንሹ ያውቀዋል። ልዩነቱ በዜንደር የሚልክልህ ጓደኛህ አጠገብህ መቀመጡ ነው። በመረቡ ላይ የሚልክልህን አታውቀውም። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌያለሁ።)

ተረት፦ ስሙን ያልሰጠ አይታወቅም

ፕሮግራመሩ ብራም ኮኸን በ2001 ቶረንት የሚሠራበትን ቢትቶረንትን ሲያወጣ ዓላማው ሰውን መሸሸግ አልነበረም፤ ትልቅ ፋይል በአንድ ሰርቨር ጫንቃ ላይ ሳይወድቅ ለብዙ ሰው ቶሎ እንዲዳረስ ነበር። የሚያወርድ ሁሉ የደረሰውን ቁራጭ ወዲያው ለሌላው ያቀብላል። ለማቀበል ደግሞ አድራሻ ያስፈልጋል። ስለዚህ አድራሻህ የታየው በስህተት አይደለም፤ ሥራው የሚሠራው በዚያ ነው። ማንም ሰው የሚያወርድ መስሎ ገብቶ ዝርዝሩን መመዝገብ ይችላል፣ ይህን ሥራዬ ብለው የያዙ ድርጅቶችም አሉ። ጀርመን ውስጥ አድራሻው በዚህ መንገድ የተመዘገበ ሰው ከጠበቃ የክፍያ ጥያቄ ደብዳቤ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል፤ እዚያ የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን ሰምታችሁ ይሆናል።

«እሺ፣ በቶር ውስጥ አሳልፌ ባወርድስ?» የሚል አለ፤ ቶር መልእክትን በበጎ ፈቃደኞች ማሽኖች እያሳለፈ ላኪውን የሚሸሽግ መረብ ነው። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2010 ይህንኑ ፈትሸው ነበር። ቶር ላኪውን ቢሸሽግም ብዙዎቹ የቶረንት ፕሮግራሞች እውነተኛውን አይፒ አድራሻ በሚልኩት መልእክት ውስጥ ራሳቸው ይጽፉታል። ፖስታው ላይ የላኪ ስም ሳይጻፍ ውስጡ ያለው ደብዳቤ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ እንደሚጀምር ማለት ነው።

ተረት፦ መቶ ሰው «ጥሩ ነው» ካለ ጥሩ ነው

ከሁሉም የበለጠ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የመነጨው ከመልካም ልማዳችን ነው። ሰው ያላወቀውን ነገር ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ሦስት ሰው አንድ ቃል ከተናገረ ያምናል። ጎረቤቶቹን ግን በዓይኑ ያያቸዋል፤ ሦስቱ ሦስት መሆናቸውን ያውቃል። ስም በማይጠየቅበት መረብ ላይ ይህን የሚያውቅ የለም። አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በአንድ ኮምፒውተር ሺህ ስም ያወጣል፣ ሺዎቹም እርስ በርሳቸው ይመሰጋገናሉ።

የማይክሮሶፍት ተመራማሪ የነበረው ጆን ዱሰር በ2002 ይህን ጥቃት «ሲቢል» ብሎ ጻፈበት። ስሙ የተወሰደው በ1973 ከታተመ፣ ብዙ ማንነት ስለተፈራረቀባት አንዲት ሴት ከሚተርክ መጽሐፍ ነው። ዱሰር ያሳየው፣ ማንነትን የሚያረጋግጥ አንድ የታመነ አካል በሌለበት አንድ ሰው ብዙ መስሎ እንዳይቀርብ ማገድ በተግባር እንደማይቻል ነው።

እቁብ የጣለ ሰው ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር አያስፈልገውም። አንድ ሰው ሁለት ዕጣ ልያዝ ቢል ማንም አይከለክለውም፤ ነገር ግን በየሳምንቱ እጥፍ ይከፍላል። ዕጣው ቀድሞ የወጣለትም ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። እንግዲህ የእቁብተኛ ስም ሁለት ነገር አለው፦ ያስከፍላል፣ ከኋላውም ሰው ቆሞለታል። ብሩን ወስዶ የቀረ ሰው ሰፈሩን ለቆ ነው የሚሄደው። በመረቡ ላይ ስሙን ያበላሸ ሰው ግን ከመቀመጫው ሳይነሳ በአዲስ ስም ተመልሶ ይገባል።

መሐንዲሶቹም ዞረው ዞረው የደረሱት እነዚሁ ሁለቱ ዘንድ ነው። አንደኛው ስሙን ማስከፈል ነው። ቢትኮይን የተባለው ዲጂታል ገንዘብ አሠራር በ2008 ሲጻፍ፣ የትኛው የዝውውር መዝገብ ትክክል ነው የሚለው ድምፅ በአይፒ አድራሻ ቁጥር ቢሆን ብዙ አድራሻ የሰበሰበ ያሸንፋል ተብሎ ታሰበና ድምፁ ኮምፒውተር በሚሠራው ስሌት እንዲመዘን ተደረገ፤ ሺህ ስም ያወጣ ሰው ሺህ እጥፍ መብራት ካልከፈለ ስሙ አይጠቅመውም። ሁለተኛው ዋስ ነው። በ2003 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች «አይገንትረስት» በሚል ስም ያቀረቡት ዘዴ፣ እኔ የማምነው የሚያምነውን እኔም በመጠኑ እያመንኩ እምነት ከሰው ወደ ሰው እንዲተላለፍ ያደርጋል። እሱም ቢሆን ከመጀመሪያው የሚታመኑ ጥቂት አባላት ያስፈልጉታል። ቶርም ዘንድ እንዲሁ ነው። በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ የበጎ ፈቃደኛ ማሽኖች ቢኖሩትም፣ የትኛው ማሽን በዝርዝሩ ውስጥ ይግባ የሚለውን በየሰዓቱ የሚወስኑት ማን እንደሚያስተዳድራቸው የሚታወቅ፣ ዘጠኝ የሚሆኑ ሰርቨሮች ናቸው። «ማንንም ማመን አያስፈልግም» የሚባለው መረብ ሥሩ ሲታይ ዳኛና ጸሐፊ አለው።

ዳኛ ቢኖርም ይሸወዳል። ጥር 30 ቀን 2014፣ 115 ማሽኖች እንደማንኛውም በጎ ፈቃደኛ ቶርን ተቀላቀሉ። ተጠቃሚው መጀመሪያ ከሚያልፍባቸው የመግቢያ ማሽኖች አቅም 6.4 ከመቶው የእነሱ ሆነ። በቶር ውስጥ ብቻ የሚከፈቱ ስውር ድረ ገጾችን የሚጎበኙ ሰዎችን ለመለየት ይሠሩ እንደነበር ተደርሶበት ሐምሌ 4 ቀን ተባረሩ። አምስት ወር ሙሉ 115 በጎ ፈቃደኞች መስለው የቆዩት በአንድነት የሚሠሩ ነበሩ።

ተረት፦ አሻራው ስለተረጋገጠ ፋይሉ ንጹሕ ነው

ይህ ግማሹ እውነት ነው። ቶረንት ፋይሉን በቁራጭ ይከፋፍለዋል፣ ለእያንዳንዱም ቁራጭ ሃሽ የሚባል እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር ይሰጠዋል። መሐል ላይ ያለ ሰው አንዲት ፊደል ቢለውጥ አሻራው አይገጥምምና ቁራጩ ይጣላል። ግሩም ሥራ ነው፤ ከማያውቁት ሰው ተቀብሎ ሳይጭበረበሩ መቅረት የተቻለው በዚህ ነው። ነገር ግን አሻራው የሚመሰክረው የደረሰህ ነገር የመጀመሪያው ሰው ያስቀመጠው ራሱ መሆኑን ብቻ ነው። መርዝ አስቀምጦ ከሆነ መርዙ ሳይጎድል፣ ሳይበረዝ ይደርስሃል።

ጥንቃቄውም በመረቡ ላይ ብቻ መሆን የለበትም። በመጋቢት 2016 ትራንስሚሽን የተባለው የቶረንት ፕሮግራም ከራሱ ከባለቤቶቹ ድረ ገጽ ላይ ተበክሎ ለማክ ተጠቃሚዎች ወረደ። ውስጡ የገባው ኬሬንጀር የተባለ ቫይረስ ሦስት ቀን አድፍጦ ከቆየ በኋላ የሰዎቹን ፋይል ቆልፎ አንድ ቢትኮይን ጠየቀ።

ተረት፦ ቶር ከገባሁ አበቃ

ቶር መልእክትህን በሦስት ማሽኖች ያሳልፋል። የመጀመሪያው አንተን ያውቃል፣ ወዴት እንደምትሄድ አያውቅም። የመሐሉ ሁለቱንም አያውቅም። የመጨረሻው የምትሄድበትን ያውቃል፣ አንተን አያውቅም። አሳቡ የሚደነቅ ነው። ግን የመጨረሻው ማሽን መልእክቱን ለድረ ገጹ የሚያስረክበው ፈትቶ ነው፤ መልእክቱ በራሱ ካልተመሰጠረ ያነበዋል። ስዊድናዊው ዳን ኤገርስታድ በ2007 አምስት የመውጫ ማሽኖች ከፍቶ የሚያልፈውን ሲያዳምጥ፣ የኤምባሲዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የኢሜል የይለፍ ቃሎች እጁ ገቡ። ሰዎቹ የተጠበቁ መስሏቸው ለማያውቁት ሰው አሳልፈው ሰጡ። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ በራሱ ስለሚመሰጥር ያ ክፍተት ጠቧል፤ ድረ ገጹ የሚመሰጥር መሆኑን ማረጋገጥ ግን አሁንም የተጠቃሚው ሥራ ነው።

ሌላው ሰዎች የሚዘነጉት ነገር፣ መሸሸግ ለብቻ የሚደረግ ነገር አለመሆኑ ነው። በጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳ ላይ ነጭ የለበሰ ሰው ፈልጉ ብትባሉ አታገኙትም። ማክሰኞ ቀን ቢሮ ነጭ በነጭ ለብሶ የመጣ ሰው ግን ከበር ላይ ይለያል። የቶርን መሠረት በ1990ዎቹ የጣሉት የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ቤተ ሙከራ ሰዎች ይህ ገብቷቸው ነበር። መረቡን የሚጠቀመው ባሕር ኃይሉ ብቻ ቢሆን ከዚያ የወጣ ሁሉ የባሕር ኃይል ሰው መሆኑ ይታወቃልና፣ ለሁሉም ሰው መከፈት ነበረበት። በታኅሣሥ 2013 የሃርቫርድ ተማሪ የነበረ ወጣት ፈተና እንዲቀርለት ብሎ በቶር በኩል የሐሰት የቦምብ ማስፈራሪያ ላከ። ቶር አልተሰበረም። መርማሪዎቹ የጠየቁት በዚያ ሰዓት በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ ቶር የከፈተ ማን ነው ብለው ነው። የከፈቱት ጥቂቶች ስለነበሩ ልጁ በማግሥቱ ተያዘ።

ይህን ሲሰሙ «ታዲያ የሚሸሸግ ወንጀለኛ ነዋ» የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። በግንቦት 2012 በአገራችን ቶር ተለይቶ እንዲታገድ ሲደረግ፣ መንገድ የተዘጋበት የውጭ ዜና ሊያነብ የፈለገ ሰውና ምንጩን የሚጠብቅ ጋዜጠኛ ጭምር ነበር። በር መዝጋት ሌባን ብቻ አይመለከትም።

ስለ ቢትኮይን «ስም የለውም፣ አይከተሉህም» የሚለውን ባጭሩ ልመልስ። ስም የለውም፤ ግን እያንዳንዱ ዝውውር ማንም ሊያየው በሚችል፣ በማይፋቅ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በ2016 ቢትፊኔክስ ከተባለው የቢትኮይን መገበያያ የተሰረቀው 119,756 ቢትኮይን ስንት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ቢገላበጥም፣ ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ በየካቲት 2022 የአሜሪካ መንግሥት 94,000 ያህሉን ይዞ ሁለት ሰዎች ኒውዮርክ ላይ አሰረ።

ተረት፦ የማካፍለው የመረጥኩትን ብቻ ነው

ይህኛውን ከራሴ ነው የምጽፈው። ላይምዋየር የተባለው የፋይል መጋሪያ ፕሮግራም በነበረበት ዘመን ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ እሠራ ነበር። ዘፈን ለማውረድ ፕሮግራሙን የጫንኩት እኔ ነኝ፤ የሚጋራው ፎልደር የትኛው ይሁን ብሎ ሲጠይቀኝ ሳላነብ አለፍኩት። በ2003 ናትናኤል ጉድና አሮን ክሬክልበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች ካዛ በተባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም ላይ 12 ሰዎችን ፈትነው፣ ምን እያጋሩ እንደሆነ በትክክል የለዩት ሁለቱ ብቻ መሆናቸውን እንደጻፉ ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ወቅቱ የዲቪ ነበር። ሰው እየተሰለፈ ፎቶውን እያስነሳ ፎርም ያስሞላል። አንድ ቀን ኢንተርኔቱ ለምን እንደተንቀራፈፈ ለማየት ፕሮግራሙን ስከፍት፣ ከእኛ ማሽን ወደ ውጭ የሚወጣ ፋይል አየሁ። ዘፈን አልነበረም። የአንዲት እናት ፎቶ ነበር፣ ነጭ ግድግዳ ተደግፋ፣ ነጠላዋን ከራስዋ ላይ እንድታወርድ የነገርኳት እኔ ነኝ። ከሥሩ የሁለት ልጆቿ ፎቶ፣ የልደት ቀናቸው የተጻፈበት ፎርም፣ የሌሎችም ሰዎች የፓስፖርት ገጽ። የማሽኑ ሰነድ በሙሉ ለዓለም ክፍት ነበር።

ፎልደሩ እንዲጋራ የሚያደርገውን ምልክት አነሳሁ፣ ፕሮግራሙን አጠፋሁ፣ ፋይሎቹን ሰረዝኩ። ሴትዮዋን ፈልጌ ነገርኳት፤ «ማን ወሰደው ልጄ?» አለችኝ። የነበረኝ አንድ አይፒ አድራሻ ነው፤ እሱንም መስኮቱን ስዘጋው አጣሁት።