ስለ ግላይደር ገመድ፦ ተረትና እውነታ

ከናይሮቢ በስተሰሜን፣ በአበርዴር ተራሮች ግርጌ ያለችው ምዌይጋ የኬንያ ግላይዲንግ ክለብ የሚታወቅባት ስፍራ ናት። ግላይደር ሞተር ስለሌለው ብዙውን ጊዜ ከመሬት የሚያነሣው ጎታች አውሮፕላን ወይም መሬት ላይ ሆኖ ገመድ የሚጠቀልል ዊንች ነው። በሁለቱም ዘዴ ሥራው የገመድ ነው፤ ወሬው የሚበዛውም በገመዱ ላይ ነው።

ተረት፦ ገመዱ በጠነከረ ቁጥር ደኅንነቱ ይጨምራል።
እውነታ፦ ገመዱ ላይ ሆን ተብሎ የሚበጠስ ማያያዣ ይገባል። ልክ እንደ ፊውዝ፣ ጭነቱ ከመጠን ሲያልፍ እሱ ተበጥሶ ክንፉን ያተርፋል። ጥንካሬው በቀለም ይለያል፤ በብዛት በሚሠራበት የቀለም ምደባ ጥቁሩ 1,000፣ ሰማያዊው 600 ኪሎ ግራም ገደማ ይችላል። የትኛው እንደሚገባ የሚወስነው የግላይደሩ መመሪያ ነው። «ይህኛው ቶሎ ይበጠሳል» ብሎ በጠንካራው መተካት ጥበቃውን ማንሣት ነው።

ተረት፦ ናይሮቢ ከፍታ ላይ ስላለች መነሣት ይቀላል።
እውነታ፦ የዊልሰን አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,690 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ በቀትር ሙቀት ደግሞ ይብስበታል። የጎታቹ ሞተር ይደክማል፣ መንደርደሪያውም ይረዝማል። 2,330 ሜትር ላይ ባለው የአዲስ አበባው ቦሌ ችግሩ የባሰ ነው።

ተረት፦ ገመድ ከተበጠሰ ግላይደሩ ይወድቃል።
እውነታ፦ ግላይደር ያለ ገመድ መብረር ሥራው ነው። አደጋው የሚብሰው በዊንች ሽቅብ ሲወጣ ከተበጠሰ ነው፤ አፍንጫው ወደ ላይ እንደቀና ፍጥነቱ በቅጽበት ይከዳዋል። አብራሪው ወዲያው አፍንጫውን ዝቅ ያደርጋል፣ ፍጥነቱን ይመልሳል፣ ቢጫውን የመልቀቂያ እጀታ ይስባል። የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ፍጥነት ሳይመለስ መታጠፍ ግን ይገድላል።

ተረት፦ አደጋው ለግላይደሩ አብራሪ ብቻ ነው።
እውነታ፦ ግላይደሩ ከጎታቹ በላይ አብዝቶ ከወጣ የጎታቹን ጭራ ወደ ላይ ይስበዋል፤ አፍንጫው ወደ መሬት ይደፋል። ለዚህ የሚበቃው ኃይል ማያያዣውን ላይበጥስ ይችላል። ስለዚህ የግላይደሩ አብራሪ ጎታቹ ከዓይኑ ከተሰወረበት ሳያመነታ ገመዱን መልቀቅ አለበት።

እንግዳ ሆናችሁ ልትሳፈሩ ከሆነ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የማያያዣው ቀለም መመሪያው የሚያዘው ነው? ገመዱ 100 ሜትር ላይ ቢበጠስ የት እናርፋለን? መልሱን ለማሰብ የሚቆም አብራሪ ካጋጠማችሁ ለዛሬ ከመሬት ሆናችሁ ብትመለከቱ ይሻላል።