ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ የካሴትን ዘመን ያስታውሳል። በታላቁ አንዋር መስጊድ አካባቢ የሼህ መሐመድ አወል ሐምዛ መንዙማ፣ የዑለማዎች ደርስና የቁርኣን ቂርአት በካሴት ይሸጥ፣ ጎረቤትም ከጎረቤት ይዋዋሰው ነበር። አንድ ካሴት ቢበላሽ ጉዳቱ የዚያው የአንዱ ካሴት ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ተጠቃሎ አንድ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ገብቷል። ወደ አኼራ የሄዱ አባት ድምፅ፣ የኒካሕ ቪዲዮ፣ ልጅ ቁርኣን ያኸተመበት ቀን ሁሉ እዚያው ነው። ከዱባይ ተራ በተገዛ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ በቤቱ ዋይፋይ አማካይነት በቴሌቪዥንና በስልክ ይታያል። የቤት ሰርቨር የሚባለው ይህ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን የይለፍ ቃሉ ይቀየራል። ቀያሪው ብዙውን ጊዜ ነገሩን የሚያውቀው ወጣት ነው። እርሱ ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። እናት ቴሌቪዥኑን ስትከፍት የባሏን ድምፅ ማግኘት ይሳናታል። «ሁሉም ጠፋ» ተብሎም ቤቱ በሐዘን ይሞላል።

የጠፋ ነገር የለም

በቅድሚያ ልንረዳው የሚገባ ነገር አለ። የይለፍ ቃል የበር ቁልፍ እንጂ ዕቃው አይደለም። ቁልፉ ሲቀየር በሱቁ ውስጥ ያለው ጣቃ ጨርቅ አይቃጠልም። ፋይሎቹም በዲስኩ ላይ እንዳሉ ናቸው። ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው ከዚህ በኋላ በችኮላ «ፎርማት ይደረግ» ሲባል ነው።

ይህ ችግር በእኛ ሰፈር ብቻ የተከሰተ አይደለም። ፕሌክስ የተባለው ታዋቂ የቤት ሰርቨር ፕሮግራም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2022) በሌቦች ተደፈረ። የደንበኞች ኢሜይልና የተመሰጠረ የይለፍ ቃል በመነካቱ ኩባንያው ደንበኞቹን ሁሉ ቃላቸውን እንዲቀይሩ ጠየቀ። ተመሳሳይ ጥሪ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም.ም ተደግሟል። ቃሉን ሲቀይሩ «ሁሉንም መሣሪያ አስወጣ» የሚለውን የመረጡ ሰዎች ሰርቨሩ ራሱ ከአካውንታቸው ወጥቶ ባለቤት እንደሌለው ሆኖባቸው ተቸግረዋል። ምክንያቱም ለፕሌክስ ሰርቨሩም እንደ ስልኩና እንደ ቴሌቪዥኑ አንድ መሣሪያ ነው።

እንዴት ይከፈታል?

ፕሌክስ ከሆነ፦ መፍትሔው ከሰርቨሩ ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ነው። በዊንዶውስ ላይ ከሰዓቱ አጠገብ ያለውን የፕሌክስ ምልክት ተጭኖ መክፈት፣ በአዲሱ የይለፍ ቃል መግባት፣ ከዚያም በቅንብሩ ውስጥ ሰርቨሩን «የእኔ ነው» ብሎ መልሶ መረከብ ነው። በሩቅ አገር ያለው ልጅ ይህን በቀጥታ ከስልኩ ሊያደርገው አይችልም፤ ርክክቡ ከቤቱ ኔትወርክ ውስጥ መሆን አለበትና። ሰርቨሩ ከተመለሰ በኋላ ቴሌቪዥኑና ስልኮቹ እንደ አዲስ ይገባሉ።

ጄሊፊን ከሆነ፦ በነፃ የሚገኘው ይህ ፕሮግራም አካውንቱን የሚይዘው በቤታችሁ ባለው ማሽን ላይ እንጂ በውጭ ኩባንያ ዘንድ አይደለም። ስለዚህ በኢሜይል የሚመጣ እርዳታ አይጠበቅም። ከቤቱ ዋይፋይ ሳትወጡ «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚለውን ብትጫኑ፣ ሰርቨሩ የምስጢር ቁጥር የያዘ ትንሽ ፋይል በራሱ ማሽን ውስጥ ይጽፋል። ቁጥሩን አንብቦ ማስገባት ነው። የተቆለፈበት ከቤተሰቡ አንዱ ብቻ ከሆነ ግን አስተዳዳሪው አዲስ ቃል ሊሰጠው ይችላል።

በዊንዶውስ የተጋራ ፎልደር ከሆነ፦ ቃሉ ተቀይሮ ሳለ ሌላው ኮምፒውተር አሮጌውን ይዞ ደጋግሞ ያንኳኳል። በኮምፒውተሩ ክሬደንሺያል ማናጀር ውስጥ የተቀመጠውን አሮጌ ቃል አጥፍቶ አዲሱን መጻፍ ይበቃል።

ይህ ሁሉ እምቢ ካለ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ በመሰካት ፋይሎቹን መገልበጥ ይቻላል። ዲስኩ በቢትሎከር የተመሰጠረ ከሆነ ግን 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ግድ ይላል። ያ ቁጥር ከሌለ ባለሙያም አይከፍተውም።

የአማና ነገር

ማሽኑን ወደ ጠጋኝ ከመውሰዳችሁ በፊት ግን ቆም በሉ! በውስጡ የእኅቶቻችንና የሚስቶቻችን ያለ ሒጃብ የተነሡት ፎቶና ቪዲዮ ሊኖር ይችላል። የቤት ገመናን ለማያውቁት ሰው ጥሎ መሄድ ተገቢ አይደለም። ከቤተሰቡ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ሥራው እስኪያልቅ ይጠብቅ።

በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ (630 እ.ኤ.አ.) መካ በተከፈተች ጊዜ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የካዕባን ቁልፍ ከዑስማን ኢብን ጦልሓ ተቀብለው ከገቡ በኋላ መልሰው ለእርሱ እንዳስረከቡት የሲራ ሊቃውንት ያወሳሉ። ቁልፉ እስከ ዛሬ በበኒ ሸይባ ቤተሰብ እጅ ነው። ብዙ የተፍሲር ሊቃውንትም አማናን ለባለቤቱ ማድረስን የሚያዘውን የሱረቱ-ኒሳእ 58ኛ አንቀጽ ከዚህ ክስተት ጋር ያያይዙታል። ቁልፍ የያዘ ሰው አማና ይዟል ማለት ነው።

ስለዚህ የቤቱን የይለፍ ቃል የቀየረ ወጣት በዚያው ቀን ለአባቱ ወይም ለእናቱ ሊነግር ይገባል። ዕውቀቱ የእርሱ ቢሆንም የተከማቸው ትዝታ የቤተሰቡ ነው። ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ከቤት ካርታና ከኒካሕ ወረቀት ጋር ይቀመጥ። በቴሌቪዥኑ ጀርባ ግን አይለጠፍ። ከሁሉም በላይ የማይተኩትን ድምፆችና ምስሎች በሌላ ዲስክ ገልብጣችሁ በዘመድ ቤት አኑሩ። አንድ ሙስሊም የሚናዘዝበት ነገር ካለው ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ሊያድር እንደማይገባ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተምረናል። የሟች ወላጅን ድምፅ የሚከፍተው ቁልፍም ከዚያ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ሊሰጠው የተገባ ነው።

አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።