የግርጌ ማስታወሻና የገጽ ግርጌ አጻጻፍ በሕክምና ጽሑፎች

የጥናት ዘገባም ሆነ የሕክምና መመሪያ በገጹ የታችኛው ክፍል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል። አንደኛው የግርጌ ማስታወሻ ሲሆን፣ በጽሑፉ ውስጥ ካለ አንድ ቃል ወይም አኀዝ ጋር በምልክት የተሳሰረ ማብራሪያ ነው። ሁለተኛው የገጽ ግርጌ ነው፤ ይኸውም የሰነዱን ስም፣ የገጽ ቁጥሩንና የተዘጋጀበትን ዘመን እያሳየ በየገጹ የሚደጋገም መስመር ነው። ቃሉ ወደሚቀጥለው ገጽ ቢሸጋገር ማስታወሻው አብሮት ይሸጋገራል፤ የገጽ ግርጌ ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

የግርጌ ማስታወሻ በታሪክና በሕግ ጽሑፎች ያለውን ሰፊ ቦታ በሕክምና መጽሔቶች አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1978 በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ የተሰበሰቡ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች በጀመሩት ሥርዓት መሠረት፣ ዋቢ ጽሑፎች በተጠቀሱበት ቅደም ተከተል ቁጥር ተሰጥቷቸው በመጨረሻ ይዘረዘራሉ። ቁጥሩ ለዋቢ ከተያዘ በኋላ ለማስታወሻ ሌላ ቁጥር መስጠት አንባቢን ያደናግራል። ስለሆነም ማስታወሻ በአብዛኛው ከሰንጠረዥ ሥር ይገባል፤ ምልክቱም ፊደል ወይም እንደ *፣ † እና ‡ ያለ ይሆናል። ኮከቡን ብዙዎች የስታቲስቲክስ ልዩነትን ለማመልከት ስለሚጠቀሙበት፣ ለዚያው መተዉ የተሻለ ይመስለናል።

ከአኀዝ ወይም ከመለኪያ ቀጥሎ ከፍ ብሎ የሚጻፍ ቁጥር ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። የአንድ ሕመምተኛ ቁመት 1.65 ሜ ተብሎ ከጎኑ የማስታወሻ ቁጥር ሁለት ቢጨመርበት፣ ጽሑፉ 1.65 ሜ² ሆኖ ይነበባል። ይህ ደግሞ ለአዋቂ ሰው የሰውነት ገጽታ ስፋት የሚያስኬድ አኀዝ ስለሆነ ስሕተቱን የሚጠራጠር አይኖርም። የካንሰር መድኃኒት መጠን በዚሁ ስፋት የሚሰላ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በፊደል ምልክት መጠቀም፣ ወይም ምልክቱን በዓምዱ ርእስ ላይ ማድረግ።

የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። በማይክሮሶፍት ወርድ በሰንጠረዥ ውስጥ የገባ ማስታወሻ ከሰንጠረዡ ሥር በመቀመጥ ፈንታ ወደ ገጹ ግርጌ ይወርዳል፤ ቁጥሩም ከዋናው ጽሑፍ ማስታወሻዎች ጋር ይቀላቀላል። በላቴክ ደግሞ ምልክቱ ታትሞ ማብራሪያው ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የሰንጠረዥ ማስታወሻን በሰንጠረዡ የመጨረሻ ረድፍ ውስጥ በእጅ መጻፍ ይመረጣል፤ ሰንጠረዡ ተቀድቶ ወደ ሌላ ሰነድ ሲወሰድም አብሮ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ ወደ ግርጌ ሊወርድ የማይገባው ነገር አለ። ፕሪማኪን ለነፍሰ ጡር ሴት አይሰጥም። ይህ ማሳሰቢያ በትንንሽ ፊደል ከሰንጠረዡ ሥር ቢቀመጥ፣ ሥራ የበዛበት ባለሙያ መጠኑን ብቻ አንብቦ ሊያልፍ ይችላል። ሕመምተኛን የሚጎዳ ክልከላ ከመጠኑ ጎን በዚያው ሳጥን ውስጥ ይጻፋል፤ የአኅጽሮተ ቃላት ፍቺና የመረጃው ምንጭ ግን ከሥር ቢሆኑ ጉዳት የለውም።

የገጽ ግርጌ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ገጹ ከሰነዱ ሲነጠል ነው። ከመመሪያ ውስጥ አንድ ገጽ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ግድግዳ ላይ መለጠፉ የተለመደ ነው። ያ ገጽ ከየትኛው ሰነድ እንደመጣና በአዲስ መመሪያ ተተክቶ እንደሆነ ለማወቅ የሚቻለው በግርጌው ብቻ ነው። እዚያ ላይ «ገጽ 7» ከማለት «ገጽ 7 ከ42» ማለት የጎደለ ገጽ መኖሩን ያሳያል። ዘመኑንም «2010» ብሎ መተው አይበቃም፤ እንደ ወሩ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ተብሎ መለየት አለበት።

ሰፊ ሰንጠረዥ ለማስገባት ገጹ በአግድም ሲዞር ሰነዱ በክፍሎች ይከፈላል፤ አዲሱ ክፍልም የቀድሞውን ግርጌ ይወርሳል። ይህ ትስስር ሳይቋረጥ በአንዱ ክፍል ግርጌ ላይ የሚደረግ ለውጥ ወደ ሌላውም ይተላለፋል። ስለዚህ ሰነዱ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት የየክፍሉን የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ አንድ በአንድ ማየት ይገባል።