«የወፍ በሽታ» እና በጉበት ውስጥ የሚደበቀው መልእክት

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋዎች፣ እንደ ብዙው የሀገራችን ክፍል ሁሉ፣ የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ይባላል። የሌሊት ወፍ ነክቶት ነው ተብሎ ሥራ ሥር ይፈለጋል። ቢጫነቱ ከሳምንታት በኋላ ሲጠፋ መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል። ምክንያቱ የጉበት ቫይረስ ቢ ከሆነ ግን ቢጫነቱ ጠፍቶም ቫይረሱ ሊቀር ይችላል፤ ከዓመታት በኋላም የጉበት ካንሰር ሊያስከትል ይችላል።

እንዴት? በሕዋሳችን ውስጥ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. እንደ ዋና መዝገብ ነው፤ አር.ኤን.ኤ. ደግሞ ከእርሱ የሚቀዳ ግልባጭ ነው። ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የተማርነው ግልባጩ ፕሮቲን እንደሚያሠራ ነው። ፕሮቲን የማያሠሩ፣ ነገር ግን ሌሎችን ትእዛዞች የሚያስቆሙ ወይም የሚያፋጥኑ ግልባጮችም አሉ። ቫይረሶችም የራሳቸው እንዲህ ያለ ግልባጭ አላቸው። በ2004 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በኤፕስታይን ባር ቫይረስ ውስጥ ትንንሾቹን አገኙ። ይህ ቫይረስ ራሱ በ1964 እ.ኤ.አ. የታወቀው ከኡጋንዳ ሕፃናት ዕጢ ነው። ከእነዚህ ግልባጮች አንዳንዶቹ «የተበላሸህ ሕዋስ ሙት» የሚለውን ትእዛዝ ያፍናሉ። ፕሮቲን ስላልሆኑም የሰውነታችን ዘብ በቀላሉ አያያቸውም። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው።

የጉበት ቫይረስ ቢ መልእክት 3,200 ያህል ፊደላት ብቻ ነው፤ ሆኖም ቁራጩ በጉበት ሕዋስ መዝገብ ውስጥ ይሰካል። በ2014 እ.ኤ.አ. የሆንግ ኮንግ ተመራማሪዎች በአንዳንድ የጉበት ዕጢዎች ውስጥ ግማሹ ከቫይረሱ፣ ግማሹ ከሰው የተቀዳ ግልባጭ አገኙ፤ ሥራውም የሕዋሱን እድገት መቀስቀስ ነበር።

ቫይረሱ አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ በደም፣ በግብረ ሥጋና በወሊድ ይተላለፋል። ሒጃማ የምታሠሩ፣ ልጅ የምታስገርዙ፣ እንጥል የምታስቆርጡ፣ ምላጩ አዲስ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። በእሳት ለብ ያለ ምላጭ ንጹሕ አይባልም።

ከሁሉ የሚከፋው ወሊድ ነው። ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ከ10 ዘጠኙ ያህል ቫይረሱ ዕድሜ ልኩን ይቀርበታል፤ በጉልምስና የሚያዝ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይላቀቀዋል። ክትባቱ በሀገራችን በ1999 ዓ.ም. በአምስቱ ጥምር ክትባት ውስጥ ገብቶ ከ6ኛው ሳምንት አንስቶ ይሰጥ ጀመረ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን የመጀመሪያው በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ ይመክራል። የመጀመሪያው ክትባት እስከ 6ኛው ሳምንት ከዘገየ ቫይረሱ ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ ከደሃና ወይም ከጻግብጂ ወደ ሰቆጣ ለክትትል የምትመጣ ነፍሰ ጡር እህታችን «የጉበት ቫይረስ ምርመራ» ብላ በስሙ ትጠይቅ። ከተገኘባት፣ ከእርግዝናዋ አጋማሽ ጀምሮ የሚወሰድ፣ ወደ ልጇ የሚተላለፈውን የሚቀንስ እንክብል አለ።