ቆሞ የኖረ አውቶቡስ

ያገለገለ ተሽከርካሪ የሚገዛ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የተጓዘውን ርቀት የሚቆጥረው ሰዓት ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለው ደላላም ሆነ ቨርጂኒያ ያለው ሻጭ ይህን ስለሚያውቁ «ብዙ አልተነዳም» የሚለውን ያስቀድማሉ። ለቤት መኪና አባባሉ የተወሰነ እውነት አለው። አልጋ፣ ማብሰያና መታጠቢያ ተሠርቶለት መኖሪያ ለሆነ ትልቅ አውቶቡስ፣ እዚህ አሜሪካ ሞተርሆም ለሚሉት፣ ብዙ አለመነዳት ራሱ የብልሽት ምንጭ ነው። በእጄ ካለፉት ከእነዚህ ቅንጡ አውቶቡሶች አብዛኞቹን የጎዳቸው መቆም ነው።

ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ በሚጠገንበት ጋራዥ ነው። እዚያ የሚገባው አውቶቡስ ድካሙ የሥራ ድካም ነበር። የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ፍሬን ሸራው ያልቃል፣ ኩሽኔታው ይበላል፣ ባሌስትራው ይሰበራል። ያለቀውን አውጥቶ አዲሱን መግጠም ነው፤ በማግስቱ መንገድ ላይ ነው። አሁን በምሠራበት ጋራዥ ግን ፍሬን ሸራው ያልተነካ፣ የጎማው ጥርስ ያልጎደለ፣ ቀለሙ እንደ መስታወት የሚያበራ አውቶቡስ ይገባና ከአገር አቋራጩ የበለጠ ሥራ ይወጣዋል። ገዢዎቹ ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ዕድሜያቸውን በረጅም ርቀት ጭነት ያሳለፉ የአገራችን ልጆችም ከትዳር ጓደኞቻቸው ጋር ብቅ ማለት ጀምረዋል። ይህን የምጽፈው በተለይ ለእነሱ ነው።

ተሽከርካሪው ሁለት ሠሪ እንዳለው ማወቅ ይጠቅማል። ከታወቁት አንዱን፣ ፕሬቮን፣ እንውሰድ። በካናዳ ኪዩቤክ፣ ሴንት ክሌር በምትባል ከተማ ዩጂን ፕሬቮ የተባለ የቤት ዕቃ አናጺ በ1924 የመጀመሪያውን የአውቶቡስ አካል ሠራ። ኩባንያው ዛሬ የቮልቮ ቡድን አካል ነው። ፋብሪካው እግሩንና ቅርፊቱን ሠርቶ፣ ሞተሩን ገጥሞ ባዶውን ይልካል፤ ቤቱን የሚሠሩት እንደ ኦሪገኑ ማራቶን ወይም እንደ ኢሊኖዩ ሊበርቲ ያሉ ሌሎች ድርጅቶች ናቸው። ስለዚህ የአየር ፍሬኑና ሞተሩ መንገደኛ ከሚያመላልሰው አውቶቡስ ጋር አንድ ሲሆኑ መጽሐፍም መለዋወጫም ይገኝላቸዋል። የቤቱ ሽቦና ቱቦ ግን በእያንዳንዱ አውቶቡስ ላይ ለየብቻው በእጅ የተዘረጋ ነው። ሻጩ የሽቦውን ንድፍ የያዘውን ማኅደር ካላስረከበ፣ ገዢው ያንን ንድፍ በባለሙያ የሥራ ሰዓት መልሶ ይገዛዋል።

ሌላው ነገር ዋጋው ነው። አዲሱ ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል፤ ሃያ ዓመት ያለፈው በዚያ ዋጋ ጥቂት እጅ ይገኛል። ገዢን የሚስበው ይህ ነው። ይሁንና የረከሰው አውቶቡሱ እንጂ ጥገናው አይደለም። የአየር ከረጢቱ፣ ጎማው፣ ጄኔሬተሩና የባለሙያው ሰዓት ዛሬም የሚከፈሉት በውዱ አውቶቡስ ዋጋ ነው። ያለ የሌለ ገንዘቡን ለግዢው ያፈሰሰ ሰው የመጀመሪያው ዓመት ላይ ይጨነቃል፤ ሲጨነቅም የሚያዘገየው ማዘግየት የማይገባውን ነው።

በቅርቡ አንድ ጋሼ ከባለቤታቸው ጋር በ2003 የተሠራ፣ ርዝመቱ 45 ጫማ፣ ወደ 14 ሜትር የሚጠጋ ፕሬቮ ይዘው መጡ። እሳቸው በጭነት መኪና አገሩን ያካለሉ ሰው ናቸው። ከጎማው ጀመርን። «ጥርሱ እኮ ገና አልተነካም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሳንቲም ቢገባበት የሚውጥ ጥርስ ነበረው። የእጅ ባትሪ ይዤ ከሥር ገባሁ። የተመረተበት ጊዜ ሙሉ ቁጥር የሚታተመው ብዙ ጊዜ በጎማው አንድ ጎን ብቻ ነው፤ ያ ጎን ወደ ውስጥ ከዞረ ቆሞ የሚያይ ሰው አያገኘውም። መጨረሻው ላይ አራት አኃዝ አለ፦ 3111። የ2011 ሠላሳ አንደኛ ሳምንት ማለት ነው። «ጋሼ፣ ያንብቡልኝ» ብዬ መብራቱን ያዝኩላቸው። አጎንብሰው አነበቡና ዝም አሉ።

የጭነት መኪና ጎማ ዕድሜ ሳይጠግብ ጥርሱ ስለሚያልቅ ሾፌር የለመደው ጥርስ ማየት ነው። የሞተርሆም ጎማ ግን ጥርሱ ሳያልቅ ይሞታል። ፀሐይ ጎኑን ያደርቀዋል፤ ሳይንከባለል አንድ ቦታ ላይ ከሃያ ቶን ያላነሰ ክብደት ከሌሎቹ ጋር ተሸክሞ ይከርማል። የጎማ አምራቹ ሚሸሊን፣ ጎማው አምስት ዓመት ከሞላው በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ግን መልኩ ቢያምርም እንዲቀየር ይመክራል። ይህን ያህል የሚመዝን አውቶቡስ በፍጥነት መንገድ ላይ የፊት ጎማው ሲፈነዳ መሪውን ይዞ ማትረፍ ልምድ ላለው ሾፌርም ከባድ ነው። ጎማው ባይፈነዳም እየተላጠ የሚገርፈው ሽፋኑ የአየር ቱቦና ሽቦ ቆርጦ ይሄዳል።

ቀጥሎ አየሩን ፈተሽን። ይህን ፈተና ገዢ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፤ የሚጠይቀው ሰዓትና ትዕግሥት ብቻ ነው። መሬቱ ሜዳ ይሁን፣ ጎማው በታኮ ይያዝ። ሞተሩ ሠርቶ አየሩ ወደ 120 ፒኤስአይ ሲሞላ ይጠፋል፣ የማቆሚያ ፍሬኑ ይለቀቃል። ጌጁ በአንድ ደቂቃ ከ2 ፒኤስአይ በላይ መውረድ የለበትም። ከዚያ የፍሬን መርገጫው ተረግጦ ይያዛል፤ አሁንም በአንድ ደቂቃ ከ3 በላይ መውረድ የለበትም። አሜሪካ ውስጥ የአየር ፍሬን ላለው ተሽከርካሪ የንግድ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሾፌር የሚፈተንበት ነው፤ ጋሼም በቃላቸው ያውቁታል። የአየሩ ጥያቄ ግን እዚህ አያበቃም። አውቶቡሱ የሚቀመጠውም በአየር ከረጢት ላይ ስለሆነ ማታ ቀጥ ብሎ የቆመው ጠዋት በአንድ ጎኑ ካዘነበለ፣ የሚያስተነፍስ ከረጢት ወይም ቫልቭ አለ። ሳሙና በውኃ በጥብጦ በብሩሽ መቀባት ነው፤ አረፋው ቦታውን ያሳያል።

አየር ያነሰው ፍሬን አይዝም ብለው የሚፈሩ አሉ። አሠራሩ ሌላ ነው። የማቆሚያ ፍሬኑን የሚይዘው ሞላ ሲሆን አየሩ ሥራው ሞላውን ገፍቶ ማስለቀቅ ነው። ግፊቱ 60 አካባቢ ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል፤ ከ45 እስከ 20 ባለው ውስጥ ሞላው ራሱ ይነክሳል። እኔን የሚያሰጋኝ በግማሽ የነከሰ ፍሬን ነው። ቆሞ የኖረ አውቶቡስ የፍሬን ክፍሎቹ ዝገው ስለሚጣበቁ፣ ሾፌሩ እግሩን ቢያነሳም አንዱ ጎማ ፍሬን እንደያዘ ይሽከረከራል። ሞተሩ ኃይለኛ ስለሆነ ከመሪው ላይ አይታወቅም። ሙቀቱ ከፍሬኑ ወደ ሞዞው፣ ከሞዞው ወደ ግራሶው፣ ከዚያም ወደ ጎማው ይሄዳል። ጎማ አንዴ እሳት ከያዘ በእጅ ማጥፊያ አይጠፋም፤ ላዩ ደግሞ እንጨትና ስፖንጅ ያለበት ቤት ነው። ስለዚህ ለደንበኞቼ በርቀት ሙቀት የሚለካውን ትንሿን መሣሪያ አስይዛቸዋለሁ። ነዳጅ ለመቅዳት በቆሙ ቁጥር ዞረው ሞዞዎቹን ይለኩ፣ የቀኙን ከግራው ያስተያዩ። ከጓደኛው በጣም የጋለ ካለ ሳይታይ ጉዞ አይቀጠልም።

ባለቤታቸውን፣ እትዬን፣ ያስጨነቃቸው መብራቱ ነበር። ቀዳሚው ባለቤት ባትሪዎቹን ሁሉ በአዲስ ቀይሯል፤ ደረሰኙም አለ። ሆኖም ወራት ሳይቆዩ ደከሙ። «ባትሪዎቹ የማይረቡ ናቸው» ተብሎ ሌላ ስብስብ ሊገዛ ነበር። የዚህ አውቶቡስ ዋና ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው ይሰጡታል። ብዙው የቤት መብራት ግን በ12 ስለሚሠራ ከታችኛው ባትሪ ብቻ ይቀዳል። ይህን የሚያካክስ፣ ሁለቱን እኩል የሚያደርግ ሳጥን አለ። ሞተሩን አስነስቼ ስለካው ጠቅላላው 28 ቮልት፣ ጤነኛ ነው። ለየብቻ ስለካቸው ግን የታችኛው 13.1፣ የላይኛው 14.9 ሆነ። እኩል 14፣ 14 መሆን ነበረባቸው። አንዱ እየተራበ ሌላው ከአቅሙ በላይ እየተሞላ ይፈላል። የሞተው ማመጣጠኛው ሳጥን ነው። እሱ ሳይቀየር ስንት አዲስ ባትሪ ቢገባ ያንኑ ይሆናል።

ከግዢ በኋላ ባሉት ወራት የሚወጣ ገንዘብ ብዙው የሚባክነው እንዲህ ነው። የደከመውን ዕቃ መቀየር ቀላል ነው፤ ያደከመውን ማግኘት ግን መለኪያና ጊዜ ይፈልጋል። ብልሽት ያልሆነም ብልሽት ይመስላል። እትዬ «ሁለቱ የአየር ማቀዝቀዣዎች በርተው ምድጃውን ስከፍት ኤሌክትሪኩ ይጠፋል» አሉኝ። ያረፉበት የሞተርሆም መናፈሻ የሚሰጣቸው መሰኪያ ባለ 30 አምፔር ነበር፤ ያ 3,600 ዋት ነው። አውቶቡሱ የተሠራለት ባለ 50 አምፔሩ ሁለት መስመር ስላለው 12,000 ዋት ይሰጣል። እዚህ ላይ የሚጠገን ነገር የለም፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚበራ ማወቅ ብቻ ነው።

ጥገናው ቅደም ተከተል አለው፤ እኔ አልለውጠውም። አንደኛ የሚያቆመውና የሚመራው፦ ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪ። ሁለተኛ እሳት የሚያስነሳው፦ ያረጀ የናፍጣ ጎማ ቱቦ፣ ከጭስ ማውጫ ጋር የሚፋተግ ሽቦ፣ የላላ የባትሪ ገመድ፣ ጋዝ ካለ የጋዙ መስመር። ሦስተኛ የሞተሩ ዕድሜ። በ2003 አካባቢ በተሠሩ አውቶቡሶች ላይ የሚገኘው በ1987 የወጣው የዲትሮይት ዲዝል ሲሪስ 60 ጠንካራ ሞተር ነው። ይሁንና የራዲያተሩ ውኃ መከላከያ ቅመሙ ሲደክም በሲሊንደሩ ላይነር ውጪያዊ ገጽ ላይ የሚፈነዱ ጥቃቅን አረፋዎች ብረቱን እየቦረቦሩ ያሳልፉታል። ውኃውን በመመርመሪያ ወረቀት ማየትና የዘይቱን ናሙና ላቦራቶሪ መላክ ከሞተር ማውረድ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። አራተኛ የውኃ ፍሳሽ፤ ጣሪያውና ወደ ውጭ የሚንሸራተተው ክፍል ዙሪያ። በፕሬቮ ላይ የዚህ ክፍል ማሸጊያ በአየር የሚነፋ ስለሆነ፣ ሳይተነፍስ ክፍሉን ማንቀሳቀስ ይቀደዋል። ምቾት ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጋረጃና ቴሌቪዥን ቀይሮ በአሮጌ ጎማ የሚወጣ ቤተሰብ ሳይ ልቤ አይረጋም።

ገና ላልገዛችሁ፣ ለሻጩ ቀድማችሁ «ሞተሩን እንዳታስነሳው» በሉት፤ የቀዘቀዘ ሞተር ጠዋት እንዴት እንደሚነሳ ብዙ ይናገራል። ሳትጣደፉ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ዳገት ባለበት መንገድ ንዱት። ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ ባለሙያ ከሥሩ ይግባ፤ የእግሩ ዘንጎች የሚታሰሩበት የብረት ግድግዳ ላይ ዝገት ካለ ዋጋ መቀነስ አይበቃም፣ መተው ነው የሚሻለው። የጥገና ደረሰኝ ዓመት በዓመት ካለው፣ 200,000 ማይል የሄደውን፣ 60,000 ብቻ ሄዶ ደረሰኝ ከሌለው አስቀድመዋለሁ። የመንጃ ፈቃዱንም ጠይቁ፤ ለግል መዝናኛ ሲሆን ብዙ ክፍለ ግዛቶች የንግድ ፈቃድ አያስፈልግም ቢሉም ከ26,000 ፓውንድ በላይ ለሚመዝን ልዩ መደብ የሚጠይቁ አሉ።

ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ አታቁሙት። በየወሩ ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ ማጥፋት የተንከባከቡት ይመስላል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ትቶ ከመሄድ በቀር ጥቅም የለውም። መንገድ ላይ አውጡት፤ ሙቀቱ ይድረስ፣ ፍሬኑ ይያዝ ይልቀቅ፣ ጎማው ይንከባለል። ጄኔሬተሩንም ማቀዝቀዣዎቹን ጭናችሁበት አሠሩት።

ጋሼና እትዬ ሶፋውን ሊቀይሩ የያዙትን ገንዘብ ጎማ ላይ አዋሉት፤ ማመጣጠኛው ሳጥንም ተቀየረ፣ ባትሪዎቹ ሁለቱም 14 ላይ ተቀመጡ። ሶፋው ከርሞ ይደርሳል። እንዲህ ያለ አውቶቡስ በየቀኑ መንገደኛ ጭኖ እንዲሮጥ የተሠራ ማሽን ነው፤ ጥገናው በቅደም ተከተል ከተሠራለትና ሥራውን ካልነፈጉት ከገዢው ዕድሜ በላይ የማገልገል አቅም አለው።