የነፍስ አባትና ጉሩ
የመንፈሳዊ መምህር ሥራ በሕንድ ልማድና በምሥራቅ አዲስ አበባ አጥቢያዎች

መግቢያ

ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1960ዎቹ ድረስ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሩ ሰዎች ሕንዳዊውን መምህር በሚገባ ያስታውሱታል። አያሌዎቹ ከኬረላ ምድር የመጡ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ክርስቲያኖች የነበሩ፣ ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ በማስተማር የታወቁ ናቸው። ነገር ግን እነዚህ መምህራን በመንግሥት ደመወዝ የተቀጠሩና ሰዓት ቈጥረው የሚያስተምሩ ስለ ነበሩ፣ የሕንድ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ «ጉሩ» እያለ የሚጠራውን መምህር አይወክሉም። ጉሩ የሚባለው ሰው ሥራው ሌላ ነው፤ ከተማሪው ጋር ያለው ዝምድናም ሌላ ነው።

የኢትዮጵያ ሰው የጉሩን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ፊደል ያስቈጠረውን የኔታንና ኀጢአቱን የሚናዘዝለትን የነፍስ አባቱን አንድ ላይ አድርጎ ቢያስብ ወደ ነገሩ ይቀርባል። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው፣ መጀመሪያ ጉሩ በሂንዱ ልማድ ምን እንደ ሆነ፣ ቀጥሎም ከእኛ መንፈሳዊ መምህራን ጋር የሚመሳሰልበትንና የሚለይበትን፣ በመጨረሻም ቤተ ሰቦች ከቦታ ወደ ቦታ በብዛት በሚዘዋወሩበት በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ የነፍስ አባትነት ምን እንደ ገጠመው ነው።

1. ጉሩ ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉ የሳንስክሪት ሲሆን መሠረታዊ ትርጕሙ «ከባድ» ማለት ነው። ይህም ክብደት የሚዛን ሳይሆን የዕውቀትና የግርማ ነው፤ በአማርኛም «ከበድ ያለ ሰው» እንደምንለው መሆኑ ነው። የሂንዱ ሊቃውንት ደግሞ ቃሉን ለሁለት ከፍለው፣ «ጉ» ጨለማ፣ «ሩ» የሚያስወግድ ነው እያሉ ጨለማን የሚያርቅ ሲሉ ይተረጕሙታል። ይህ ሁለተኛው ፍቺ ከሰዋስው ይልቅ የትርጓሜ ልማድ ነው፤ ይሁን እንጂ ሕዝቡ ከጉሩ ምን እንደሚጠብቅ በግልጥ ያሳያል።

በሂንዱ ልማድ የሃይማኖት አገልጋዮች ሁሉ ጉሩ አይባሉም። በጋብቻ፣ በልደትና በቀብር ጊዜ ሥርዓቱን የሚፈጽመው ካህን «ፑሮሂት» ይባላል። ጉሩ ግን ሰውን በግል ተቀብሎ ወደ አምላክ ዕውቀት የሚመራ ነው። ደቀ መዝሙሩን በሚቀበልበት ጊዜ «ዲክሻ» የሚባል የመቀበያ ሥርዓት ይፈጸማል፤ በዚያም ጊዜ ጉሩው ደቀ መዝሙሩ ዕድሜውን ሙሉ የሚደግመውን የጸሎት ቃል፣ ማለት «ማንትራ»፣ በጆሮው ይነግረዋል። ኡፓኒሻድ ከሚባሉት ጥንታውያን መጻሕፍት አንዱ፣ የሙንዳካ ኡፓኒሻድ፣ የሚፈለገውን መምህር በሁለት ነገር ይለየዋል፤ አንደኛ መጽሐፍ የተማረ፣ ሁለተኛ የተማረውን በሕይወቱ ያደረሰ መሆን አለበት። አንዱ ብቻ አይበቃም።

2. የደቀ መዝሙሩ አኗኗር

በጥንቱ ሥርዓት ልጁ ከወላጆቹ ተለይቶ ወደ ጉሩው ቤት ይገባ ነበር። ይህም «ጉሩኩል»፣ ማለት የመምህሩ ቤተ ሰብ፣ ይባላል። ወደ መምህሩ ሲቀርብ በእጁ የማገዶ እንጨት ይዞ መቅረብ ሥርዓት ነበር፤ ትርጕሙም የመሥዋዕቱን እሳት ላገለግል መጥቻለሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እንጨት ይለቅማል፣ ከብት ይጠብቃል፣ ምግቡንም ከየቤቱ ለምኖ ያመጣል። ትምህርቱን ሲጨርስ ለመምህሩ «ዳክሺና» የሚባል ስጦታ ያቀርባል። በዓመትም አንድ ቀን፣ አሻድ በሚባለው ወር ጨረቃ ሙሉ ስትሆን፣ ማለት በሰኔ ወይም በሐምሌ፣ የጉሩ በዓል ይከበራል።

ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ የቆሎ ተማሪውን ወዲያው ያስታውሳል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የሚለምነው ተማሪ፣ ለየኔታ እንጨት የሚለቅመውና ውኃ የሚቀዳው ተማሪ፣ የዚያው የሕንዱ ተማሪ አምሳያ ነው። ከዚህ የተነሣ አንዱ ሕዝብ ከሌላው ወስዷል ማለት አይገባም። ምክንያቱ በሁለቱም አገር ትምህርቱ በቃል የሚተላለፍ መሆኑ ነው። መጽሐፉ በመምህሩ ልብ ውስጥ ከሆነ፣ ተማሪው መጽሐፉን ለማግኘት ከመምህሩ ጋር መኖር ግዴታ ይሆንበታል። ወላጅም ስንቅ በማያደርስበት በሩቅ አገር የሚኖር ተማሪ ልመናና ጕልበት እንጂ ሌላ መክፈያ የለውም።

የቬዳ ትምህርት በቃል ሲጠና ስሕተት እንዳይገባበት፣ ተማሪው ቃላቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያመላለሰ፣ ሁለት ሁለቱንና ሦስት ሦስቱን እያጣመረ ይደግማቸዋል። ይህ የቃል ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2003 በዩኔስኮ ዘንድ ከሰው ልጅ ታላላቅ ቅርሶች አንዱ ሆኖ ታውጇል። የእኛም የዜማ ተማሪ ድጓው በምልክት የተጻፈ ቢሆንም ያለ መምህር ቃል ሊያቀናው አይችልም፤ የቅኔ ተማሪም በየማታው የቈጠረውን ለመምህሩ ነግሮ ካልታረመለት ተማረ አይባልም።

3. የሥልጣኑ ምንጭ

ጉሩ ሥልጣኑን የሚያገኘው ከመምህሩ ነው፤ መምህሩም ከመምህሩ። ይህ የመምህራን ሐረግ «ፓራምፓራ» ይባላል፤ ደቀ መዝሙሩ የጉሩውን፣ የጉሩውንም ጉሩ ስም እስከ ላይ ድረስ መቍጠር ይገባዋል። በአገራችንም ይህ የታወቀ ነገር ነው። ገዳማት የምንኵስናን ትውልድ ከአባ እንጦንስ ጀምረው፣ በአቡነ አረጋዊ፣ በሐይቁ አባ ኢየሱስ ሞዐ፣ በአቡነ ተክለ ሃይማኖትም በኩል አባት ከልጅ እያያያዙ ይቈጥራሉ። የቅኔና የመጻሕፍት መምህራንም ከማን እንደ ተማሩ ሲጠየቁ የመምህራናቸውን ስም በተራ ያወሳሉ። ዋሸራ የተማረ፣ ወይም ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከረ ማለት የትምህርት ቤት ስም መጥራት ብቻ አይደለም፤ የዘር ሐረግን እንደ መናገር ነው።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ታላቅ ልዩነት አለ። የነፍስ አባት ኀጢአትን ሰምቶ «እግዚአብሔር ይፍታ» የሚለው ከጳጳስ በአንብሮተ እድ በተቀበለው ክህነት ነው። ሥልጣኑ የቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ፣ የግል ቅድስናው ቢያንስ ሥልጣኑ አይቀንስም፤ የግል ቅድስናው ቢበዛም ካህን ያልሆነ ሰው ሊፈታ አይችልም። ጉሩ ግን የሚሾመው ጳጳስ የለውም፤ መታወቂያው ሐረጉና ሕይወቱ ነው። ስለዚህ በሂንዱ ልማድ ጉሩው እንደ አምላክ መገለጫ ሆኖ እስከ መከበር ይደርሳል፤ ደቀ መዝሙሩም እግሩን ይነካል። በእኛ ዘንድ የሚሳለሙት መስቀሉን ነው፤ ክብሩም ለተሸከመው አደራ ነው።

ሥልጣኑ በሰውየው ላይ በቆመ ጊዜ አደጋውም ይበዛል፤ የሂንዱ መጻሕፍት ራሳቸው ይህን አልሸሸጉም። ሁለት ታሪኮች በማነጻጸር ይበቃሉ። በቻንዶግያ ኡፓኒሻድ ሳትያካማ የሚባል ልጅ ወደ መምህር ቀርቦ ዘሩን ሲጠየቅ፣ አባቱን እንደማያውቅ እናቱ የነገረችውን ሳይደብቅ ተናገረ። መምህሩም እውነት በመናገሩ ተቀበለው፤ 400 የከሱ ላሞችም ሰጥቶት 1000 እስኪሆኑ ድረስ ጠበቃቸው። በማሃብሃራታ ግን ድሮና የሚባለው የቀስት መምህር ኤካላቭያን በትውልዱ ምክንያት ሳይቀበለው ቀረ፤ ልጁ የመምህሩን ምስል ከጭቃ ሠርቶ በፊቱ እየተለማመደ ብቻውን ባወቀ ጊዜም፣ የመምህርነት ዋጋ ብሎ የቀኝ አውራ ጣቱን ጠየቀው፤ ልጁም ቈርጦ ሰጠ። የመጀመሪያው መምህር ከልጁ ትውልድ ይልቅ እውነቱን ተመለከተ፤ ሁለተኛው የልጁን ታማኝነት በራሱ ላይ መሣሪያ አደረገበት።

ስለዚህ በሂንዱ ልማድ መምህርን መፈተን ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1836 እስከ 1886 የኖረው፣ በካልካታ አጠገብ በዳክሺኔሽዋር ቤተ መቅደስ ያገለገለው ራማክሪሽና፣ ደቀ መዛሙርቱን ለዋጭ ገንዘቡን እንደሚፈትን ፈትኑኝ ይላቸው እንደ ነበር ይነገራል። ማርትሬዛ ብርን በድንጋይ ላይ እየጣሉ ድምፁን ያዳምጡ የነበሩ አባቶቻችን የምሳሌውን ጣዕም በቀላሉ ያውቁታል። ከእነዚያ ፈታኝ ደቀ መዛሙርት አንዱ፣ በኋላ ቪቬካናንዳ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ በተደረገው የሃይማኖቶች ጉባኤ የሂንዱን ትምህርት ለምዕራባውያን ያሰማ ነው።

4. ለእያንዳንዱ እንደ አቅሙ

ጉሩና የነፍስ አባት ከሁሉ ይልቅ የሚገናኙበት ነጥብ ሰውን አንድ በአንድ ማወቃቸው ነው። ጉሩ ለደቀ መዛሙርቱ ሁሉ አንድ መንገድ አይሰጥም፤ አንዱን በጸሎት፣ አንዱን በአገልግሎት፣ አንዱን በማሰላሰል ይመራል። ይህም የተማሪውን ብቃት መመልከት «አዲካራ» ይባላል።

የነፍስ አባትም ቀኖና ሲሰጥ እንደዚሁ ነው። ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደትና ምጽዋት በመጽሐፍ የታወቁ ናቸው፤ ለማን ምን ያህል የሚለው ግን በአባት ማስተዋል ይለካል። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም ለሚውል ሰው ብዙ ስግደት አይታዘዝም፤ ገንዘብ ለሞላው ሰውም ጾም ብቻ ቀላል ሊሆንለት ይችላል። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ልጅ ከአባቱ ሲኰርፍ፣ የነፍስ አባት የሁለቱንም ምስጢር ሳያወጣ የሚያስታርቀው የቤቱን ነገር ስለሚያውቅ ነው። ልጅ በ40 ወይም በ80 ቀን ሲጠመቅ፣ ቤት በጸበል ሲረጭ፣ የታመመ ሲናዘዝ፣ የሞተ ሲፈታ፣ ተዝካሩ ሲወጣ እርሱ አለ። ስለዚህ በቤተ ሰቡ ዘንድ የጉሩንና የፑሮሂትን ሥራ አንድ ላይ ይዟል ማለት ይቻላል። ከተማሪ ቤቱ የኔታ የሚለይበትም ይኸው ነው፤ የኔታ የሚያውቀው የተማሪውን ልብና ጆሮ ነው፣ የነፍስ አባት የሚያውቀው ቤቱን ነው።

5. በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ

የከተማው ምሥራቅ ለክርስትና አዲስ አገር አይደለም፤ በየካ ተራራ ላይ ያለው ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ምስክር ነው። ቦሌ ግን አውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከልደታ እስኪዛወር ድረስ ከሞላ ጎደል እርሻና ግጦሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው የሠፈረው ሕዝብ ከልዩ ልዩ ቦታ የመጣ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በአያት፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በዕጣ የተገናኙ ቤተ ሰቦችን ጎረቤት አደረጉ። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ተቋቋመ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ከመካከለኛው ከተማ ብዙ ነባር ቤተ ሰቦችን ወደ ዳር አዛወረ።

ሰው ቤቱን ሲለውጥ ዕቃውን በአንድ ቀን ያጓጕዛል፤ የነፍስ አባቱን ግን ማጓጓዝ አይችልም። አባት በአጥቢያው ደብር አገልግሎት የታሰረ ነው። ስለዚህ አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ያደገ ሰው አያት ሲገባ ሦስት መንገድ ይገጥመዋል። አንዳንዱ ከቀድሞው አባቱ ጋር ይጸናል፤ በበዓል ቀን ሄዶ ይሳለማል፣ በስልክ ምክር ይጠይቃል፣ ለኑዛዜ ግን በአካል ይቀርባል። ሌላው ከቀድሞው አባት በምርቃት ተሰናብቶ ከአዲሱ አጥቢያ፣ ከቦሌ መድኃኔ ዓለም፣ ከገርጂ ጊዮርጊስ፣ ከሲኤምሲ ሚካኤል ወይም ከሌላ ደብር አባት ይይዛል፤ ሳይሰናበቱ መለወጥ እንደ ነውር የሚታይ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ነገ ዛሬ እያለ ያለ አባት ይቈያል።

የዚህ ሦስተኛው ችግር የሚገለጠው ብዙ ጊዜ በሐዘን ቀን ነው። ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ የነፍስ አባቱ ማን ነው ተብሎ ይጠየቃል። ዕድር ድንኳኑን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮውን ይቀቅላል፤ ለዚህ ጥያቄ ግን ከሟቹ ቤት በቀር መልስ የሚሰጥ የለም። ነባሩ ሠፈር ይህን ችግር አያውቀውም ነበር፤ የማን ልጅ የማን የንስሐ ልጅ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃልና።

በአዲሶቹ አጥቢያዎች ሌላም ነገር ተለውጧል። ሕዝቡ በዝቶ ካህኑ ሲያንስ፣ አንድ አባት እጅግ ብዙ የንስሐ ልጆች ይይዛል፤ ስማቸውን ያውቅ ይሆናል፣ ቤታቸውን ግን ሁሉ ለመርገጥ ጊዜ አያገኝም። አንዳንድ አባቶች የንስሐ ልጆቻቸውን በጉባኤ እየሰበሰቡ በአንድነት ያስተምራሉ። ይህ ለትምህርት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ቀኖናን ለእያንዳንዱ እንደ አቅሙ ለመለካት ብቻውን አይበቃም። በሕንድም ታላላቅ ከተሞች ዝነኛው ጉሩ በአዳራሽ ለአእላፍ ሲናገር ይህ ጥያቄ ተነሥቷል። ሺህ ሰው የሚሰማው ሰው መምህር ሊባል ይችላል፤ በጥንቱ ትርጕም ጉሩ ለመባል ግን ከሺው እያንዳንዱን ማወቅ አለበት።

መደምደሚያ

ከላይ ከተባለው የሚታየው፣ ጉሩና የነፍስ አባት በእምነትና በሥልጣን እጅግ የተራራቁ ሲሆኑ፣ በአንድ አሳብ ላይ የቆሙ መሆናቸው ነው። አሳቡም፣ ሰው ራሱን በሚገባ ማየት ስለማይችል የሚያየው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል የሚል ነው። የሕንድ ተማሪ እንጨት ይዞ የሚሄደው፣ የእኛም ሰው «አባቴ ይፍቱኝ» ብሎ የሚጐነበሰው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ መተያየት ጊዜና ቅርበት ይፈልጋል፤ ከተማ ደግሞ ሁለቱንም ያሳንሳል።

የሕዝብን ልማድ ለሚያጠኑ ሰዎች በቦሌና በለሚ ኩራ ሰፊ ሥራ አለ። ከየሠፈሩ የመጡ ቤተ ሰቦች የነፍስ አባታቸውን እንዴት እንደ ያዙ፣ እንዴት እንደ ተሰናበቱ፣ ሽማግሌዎቹም መምህራናቸውን እስከ ስንት ትውልድ እንደሚቈጥሩ፣ የሚናገሩት ሳሉ ሊጻፍ ይገባል። ሐረጉን የሚያውቀው አንደበት ከተዘጋ በኋላ በድንጋይ ላይ የሚገኘው ስም ብቻ ነው።